ሳል

ቀን ቀን መሐል ሜዳ፣ ከፍርድ ቤቱ ጓዳ፣
ፍቺ እጠርዛለሁ፣ በወስፌ በስቼ፤
«ሁለት በግ ለእርሷ፣ አንዲት ላም ለእርሱ፣
ዝተቱ ይሸጥና ይካፈሉት» ብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ።

ማታ ግን ከጓሳ ጉም ወርዶ መስኮቱን ሲጋርደው፣
ወንድይፍራውን ከባናው ሥር እንቅልፍ ሲወስደው፣
ታምሬ ያዋሰኝን ጥራዝ እገልጣለሁ፤
ሽፋን የለው፣ ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል፣ እንዲያው አነባለሁ።

የድሮ ዘመን ነው፣ ጋሻና ጎራዴ፤
እመቤቷ ወለተ ሐና፣ ወዳጇ ዘሚካኤል፣ እነርሱ ናቸው የእኔ ጉዴ።
ባሏ አዛዥ ወሰን በበቅሎ ሲዘምት፣
ጎበዙ በጓሮ፣ በገብሱ ክምር ሥር፣ ይገባል በሌሊት።
ደራሲው ያለቅሳል፦ «ምን ያድርጉ? ያዛቸው፤
ዕጣ ነው፤ እሳት ነው፤ ሰማይ ነው የጻፈባቸው።»

እኔ እርሳስ አንሥቼ ኅዳጉ ላይ፦
«እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አላስቸግርሽም፤
በሰማንያ አይደል የተጋባሽው? ቁርባን የለብሽም።
ሽማግሌ ጥሪ፤ ከብቱን አስቆጥሪ፤ ድርሻሽን ያዢና
ውጪ በፊት ለፊት በር፤ ቀትር ነው፣ ሜዳ ነው ጎዳና።
ቴምብር ለጥፊና ሰኞ ብትመጪ፣
እስከ ጥር መጨረሻ ነፃ ሆነሽ ትወጪ።

አንተስ ጎበዝ፣ ከጌታህ ማዕድ ቆርሰህ፣
በሰጠህ በቅሎ መጥተህ፣ የሰጠህን ካባ ለብሰህ፣
ሚስቱን እየሳምክ ‹ታማኝ ነኝ› ትላለህ፤
ቃሉን ከየት አመጣኸው? ማንን ታታልላለህ?»

ጭራቅ ቢሆን ባሏ፣ በዳይ ቢሆን ደግ ነበር፤
ግን ገጽ ሰባ ሁለት ላይ፣ ከዘመቻ ሲሻገር፣
እግሩን ውርጭ ሰንጥቆት ጣርማ በርን ሲወጣ፣
ለእርሷ ሐር በብብቱ ሸሽጎ ነበር የመጣ።

ከሁሉ የምትቆጨኝ ደብሪቱ ናት፣ ገረዷ፤
ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ፣ በረዶ ሆኖ ክንዷ፤
ኮቴ ስትሰማ እንድትስል ነው የታዘዘች፤
አንድ ሳል፣ ወዳጁ በጓሮ ውልቅ።
እርሷን ግን ማን «ነይ ግቢ» አላት? እዚያው ደነዘዘች።
እነርሱ ሲያለቅሱ አሥር ገጽ ይሰጣቸዋል፤
ለእርሷ ብርድ ግማሽ መስመር፤ እሱም ቀለሙ ደብዝዟል።

ለታምሬ ነገርኩት፣ ሻይ ቤት፣ ረፋድ ላይ፦
«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? አንዱ እንኳ እውነት አይናገርም ወይ?»
ሳቀብኝ። «ቀኑን ሙሉ የሰው ጉድ ትሰፊያለሽ፤
ፋይል የከፈተ ብቻ ነው እንዴ የሚያፈቅር መሰለሽ?»
ተናድጄ ተነሣሁ። የእርሱንም ሻይ ከፈልኩ።

የበግ ገበያውን ሳቋርጥ ብቻዬን አወራለሁ፤
«ውሸታሞች! ፈሪዎች!» አንድ የሞላሌ ነጋዴ ዞር ሲል አፍራለሁ።

ዛሬ ሌሊት ገጽ መቶ አራት። ደብሪቱን እንቅልፍ ጣላት።
ሦስት ሌሊት ነቅታለች፤ ማን ይፍረድባት?
ከታች፣ ከቁልቁለቱ፣ የበቅሎ ኮቴ ይሰማል፤
አዛዥ ወሰን ነው፤ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሞ ይመጣል።
ውስጥ መብራት አለ። ውስጥ ሳቅ አለ።
ይያዙ! አልኩ። የእጃቸውን ያግኙ!
ስንት ሌሊት ሙሉ ይህንን ገጽ አልነበር የጠበቅኩ?

መግለጥ አቃተኝ።
ጣቴ ከወረቀቱ ጫፍ፣
ኮቴው ከደጃፍ፣
ልጅቱ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ጭልጥ፤
ጉሮሮዬን አንዳች ነገር ከረከረኝ።
ሳልኩ።

ወንድይፍራው ከባናው ሥር ተገላበጠ፦
«ጉንፋን ነው? ልነሣ? ውኃ ላፍላልሽ?»
«ተኛ» አልኩት፣ «ምንም አይደል።»
ደግሜ፣ ጮክ አድርጌ፣ ሳልኩ።