ቤት የሌለው ተጠቃሚ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ እልም ሲል፣
የውሃ ጣቢያ አለ፣ ኮንቴይነር የሚመስል፤
እውነትም ኮንቴይነር ነው፤ በሩ ላይ ቁጥር አለው፣
ዕቃ ጭኖ መጥቶ፣ መመለሻ ያጣ ነው።
ውስጡ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ወንበር፣ አንድ እኔ፤
ውጭ፣ ካፖርት ደርበው፣ ጋሽ ደቻሳ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት።
የጳጉሜን ዝናብ ቆርቆሮውን ደብድቦ አባርቷል።
መብራት ሄዶ ነበር፤ መጣ።
ሁሉም ተነሳ፦ ማሽኑ፣ ኔትወርኩ፣ የሰዓቱ ቀይ ዓይን።
እሱ ብቻ አልተነሳም፤
ከጀርባ የሚሠራው፣ ስክሪን ላይ የማይታየው፣
አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፓምፑን የሚቀሰቅሰው።

መጽሐፉ «ዴመን» ይለዋል። ጋሽ ደቻሳ ስሙን ሰምተው
«ጋኔን ነው በይኛ!» አሉ፣ ባትሪያቸውን አብርተው።
«አይ፣ አገልጋይ ነው፤ ሰው ሲተኛ የሚሠራ፣ ማንም የማያየው።»
«እሱማ ዘበኛ ነው» አሉኝ፣ ወደ በሩ ዞረው።

በእጄ ስጠራው ይነሳል፤ አቤት ይላል፣ ይሠራል፤
ሲስተሙ ሲጠራው ግን ቀና ብሎ ይወድቃል።
አምስት ጊዜ ተጠራ፣ አምስት ጊዜ ወደቀ፤
ስድስተኛው ላይ ሲስተሙ ታከተው፣ ራቀ።
መዝገቡን ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፣
እንደ መርዶ፣ ከመጨረሻው ጀምሬ፦
ወጣ። ወጣ። ወጣ። ምክንያት፦ አንድ።
አንድ ማለት «አልሆነም» ነው፤ ሌላ ምንም አይልም።

ፈቃዱን አየሁ፤ ደህና። ፖርቱን አየሁ፤ ክፍት።
የማዋቀሪያውን ፋይል ፊደል በፊደል ዳሰስኩት፣
ባዶ ቦታ እንኳ እንደ ቅማል ፈለግሁበት።
ከእኔ በፊት የነበረው ይልቃል፣ አሁን ባንክ የገባው፣
አንድ ማስታወሻ ትቷል፦
«ይህን አትንኩ። ለምን እንደሚሠራ አላውቅም።»
አልነካሁትም።

ዘጠኝ ተኩል። በገላን በኩል ጅብ ሁለቴ ጮኸ።
ጋሽ ደቻሳ ጥብስ በቆሎ ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ።
«ይሄ ማሽንሽ የቆመበት» አሉ፣ ወለሉን በዱላ ነክተው፣
«ምስር ነበር። ታንከሩ ካለበት ወዲያ፣ ጤፍ።
ካሳውን ሁለት ዓመት በላነው።
ከዚያ ወረቀት መጣ፤ የልማት ተጠቃሚ ብለው ጻፉኝ።
ስሜ አለ፣ መታወቂያ ቁጥር አለ፣ ቁልፉም ይኸው እጄ ላይ።
ቤቱ ብቻ…» አሉና
በቆሎውን ገልበጥ አድርገው ጋጡ።

ቤቱ ብቻ።

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።
አገልግሎቱ የሚነሳበት ተጠቃሚ፦
ስም አለው። ቁጥር አለው። ፈቃድ አለው።
ቤት በሚለው ዓምድ ላይ የሌለ መንገድ ተጽፏል።
የፓምፑን የይለፍ ቃል የሚፈልገው ደግሞ ከቤቱ ነው።
እኔ ስጠራው በእኔ ቤት ገብቶ፣ ከእኔ ማጀት ያገኘዋል፤
ለብቻው ሲነሳ
በሌለ በር ላይ ቆሞ፣ አንኳኩቶ፣ ይሞታል።

አንድ ማህደር ከፈትኩ። በስሙ አዞርኩለት።
የይለፍ ቃሉን አስገብቼ ለሌላ ዓይን ዘጋሁት።
ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ቤትህ እዚህ ነው።
ከበላዩም፣ ነገ ለሚመጣው፣ ምክንያቱን ጻፍኩለት።
ከዚያ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ፤ በእጄ ብጠራው አላምነውም፤
እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁ።

አረንጓዴ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሬቱ ስር አንድ ነገር አጉረመረመ።
ከኮንዶሚኒየሙ፣ ከቢጫ ጀሪካኖች ሰልፍ፣
«መጣ!» አለ አንድ ድምፅ፤ ማን እንዳመጣው የጠየቀ የለም።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ ጋሽ ደቻሳ።
«ቤት አልነበረውም።»
«ሰጠሽው?»
«ሰጠሁት።»
«ብዙ ወረቀት ጠየቀሽ?»
«አንድ መስመር።»

ሳቁ መሰለኝ። ጨለማ ነበር።
ቆረቆንዳውን ወደ ጭቃው ወረወሩት፣ ድሮ ምስር ወደነበረበት፤
ቁልፋቸውን ቆጠሩ፣ የካፖርታቸውን ኮሌታ ሰቀሉ፤
ተረኛው እስኪመጣ
በሩ ላይ ቆሙ።