ከመዝገቡ ውጪ

ሥራዬ ማድረስ ነው። መጥሪያ በእጄ ይዤ
ሠላሳ አንድ ዓመት በብስክሌት ተጉዤ
ስንቱን በር አንኳኳሁ፤ ስንት ውሻ ነከሰኝ፤
ያላጠፋሁትን ስንቱ ሰው ወቀሰኝ።
በዚህ በኡራጓይ፣ በሶሪያኖ ሜዳ፣
ነፋስ አጥር አያውቅ፣ የሁሉም ነው እንግዳ።

ኤዴልሚራ ፒሪስ ንብ ታረባለች።
አርባ ቀፎ ነበራት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት
አርባውም ዝም አለባት።
በየቀፎው ደጃፍ፣ እንደ ፈሰሰ ተልባ፣
ተከምረው አገኘቻቸው፤
ዘግና ዘግና የጫማ ካርቶን ሞላች፣ ያለ አንዲት ጠብታ እንባ።
ከአጥሩ ማዶ የኦዲሎን ኤቼቨሪ አኩሪ አተር
ሌሊቱን መድኃኒት ተረጭቶ አድሮ ነበር።

ጠበቃዋ ጻፈ፤ «ከሳሽ» ሆነ ስሟ፤
«የተጠየቀው ዳኝነት» ተባለ ሕመሟ።
ቀፎው በዋጋ፣ ማሩ በኪሎ፣ ወለድ ተደምሮበት፤
ዝምታው ብቻ ቀረ፣ ረድፍ ሳይሠራለት።

መጥሪያውን እኔ ወሰድኩ። ከትራክተሩ ወርዶ
ፈረመ። ብዕሬን ሳይመልስ ቆየ።
«ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት» አለ፣
«አጥሩ ድረስ መጥታ መናገር ከብዷት ነው
አንተን የላከችው?»
ምን ልበለው? ሥራዬ ማድረስ ነው።

መልሱ በሠላሳኛው ቀን ቀረበ፣ ዐሥራ አራት ገጽ፦
አልረጨሁም። ብረጭም ነፋሱ ወደ ሰሜን ነበር።
ወደ ደቡብ ቢሆንም ንቦቹ ታመው ነበር።
ጤነኞች ቢሆኑም የሷ መሆናቸው አልተረጋገጠም።
ይህን ሁሉ እሱ አላለም፤
ጠበቃው አለለት።

ከዚያማ ጭብጥ ተያዘ። ባለሙያ ከሞንቴቪዴዎ
የሞተ ንብ ሊቆጥር መጣ፣ በመነጽር፣ በወረንጦ።
ቀጠሮ። ዳኛዋ ተዛወሩ።
ቀጠሮ። ባለሙያው ታመመ።
ቀጠሮ። የነፋሱ ሰነድ ማኅተም ጎደለው።
ሦስት ክረምት አለፈ።
መዝገቡ እየወፈረ ባለጉዳዮቹ ከሱ፤
እሷም ላሟን ሸጠች፣ ትራክተሩን እሱ።

አዲሱ ዳኛ መዝገቡን ገልጠው መልሰው ዘጉት፦
«ኮሪደሩ መጨረሻ አንድ ክፍል አለ።
መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የጠረጴዛው አንድ እግር አጭር፤
ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት፣ የኔው አሮጌ መጥሪያ።
ውኃ ላደርስ ገብቼ መውጣቱን ረሳሁ።
አስማሚዋ ዶኛ ሌዮካዲያ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ፣
ጠበቆቹን በእጃቸው ዝም አሰኙና
ወደ እሷ ዞሩ፦
«ሰሙማ ቀፎው ነው፤ ገምተን እናውቀዋለን፤
ወርቁን ንገሪን፣ ልጄ፤ እኛም እንሰማለን።»

ቆየች። ከዚያ፦
«ካርቶኑን ታቅፌ ወደ አጥሩ ሮጥኩ፤ ጠራሁህ።
አየኸኝ።
የትራክተሩን መስኮት ዘጋህ።»

እሱ ጠረጴዛውን እያየ፦
«ካርቶኑን ሳይ ገባኝ።
ምን ልል ልክፈተው?»

ውሉ ከሰዓት በኋላ ተጻፈ፦
የሃያ አምስት ቀፎ ዋጋ፣ በአራት ጊዜ ክፍያ፤
ከመርጨቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማስታወቂያ።
ዳኛው አጸደቁት፤ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።
«ይቅርታ» የሚል ቃል እንዲገባ ጠየቀች።
የሱ ጠበቃ አሰመረበት፣ ከዚያ ሰረዘው፤
ኢንሹራንሱ ጥፋት እንደማመን ይቆጥረዋል አለ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ብስክሌቴን ካስደገፍኩበት ዘንድ፣
ኦዲሎን ባርኔጣውን አወለቀና
ያንኑ የተሰረዘ ቃል
አንዴ ተናገረ፣ ቀስ ብሎ።
እሷ «እሺ» አላለችም። «እምቢ»ም አላለች።
ከማስረጃ ክፍል የተመለሰላትን
የጫማ ካርቶን ዘረጋችለት፦
«ቅበራቸው።»
በሁለት እጁ ተቀበላት።
ፈርም ያለው የለም።

እኔን ማን ጠየቀኝ? መዝገቡም ተዘግቷል።
ብስክሌቴን ገፋሁ። ኪሴ ውስጥ ሌላ መጥሪያ፤
ሌላ በር፣ ሌላ ውሻ ይጠብቀኛል።