ነገ ና

ሂርማታ ገበያ፣ ከበርጩማ ሻጮች ዝቅ ብሎ በግራ፣
ሸምሱ አባ ራያ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ፣ ባለሥራ።
እጁ ወርቅ ነበር፤
ቃሉ ግን እንደ ክር፣
ሲስቡት የሚረዝም፣ ሲያምኑት በጠስ የሚል፣ ደግሞ የሚቋጠር።

በቀቀን ነበረው፤ ግንባሩ ብጫ፣ ሌላው አረንጓዴ፤
ከጌራ ጫካ ማር ቆራጭ አምጥቶ፣
በአንድ ሱሪ ጥገና የለወጠው አንዴ።
ስም አላወጣለትም፤ «አንተ» እያለ ሲጣራ፣
ወፉም ሐጂውንም፣ እማሆይዋንም፣ የቀበሌውን ዘብ
«አንተ!» አለ፣ ማንንም ሳይፈራ።

አንደኛ ትምህርቱ መኪናዋ ነበረች፤ ትርርር ትርርር ይላል፤
ሸምሱ ምሳ ሄዶ፣ ሱቁ ባዶ ሆኖ፣
መንፈስ ቁጭ ብሎ የሚሰፋ ይመስላል።
ሁለተኛው ትምህርት ከጌታው አፍ ወጣች፤
ሠላሳ ሰው በቀን ሲመጣ በጎዳና፣
ሠላሳ ጊዜ ያቺው፦
«ነገ ና።»

«ቦሩ ኮቱ»ንም ለመደ፤
ለማን በየትኛው እንደሚባል ግን ጠፋው፤
የጅሬኑን ገበሬ ባማርኛ ሸኘው፣
የጎንደሩን መምህር በኦሮምኛ ገፋው።

እኔ ያኔ የአራተኛ ክፍል ልጅ፤
ለትምህርት ቤት ሰማያዊ ሱሪ ታዘዘልኝ፣
ሜትሩ ጠፍቶበት ለካኝ በእጅ።
መስከረም ሄድኩ፣ «ነገ ና»፤ ጥቅምት ሄድኩ፣ ያው ነው፤
ኅዳር ላይ ሸምሱ የለም፤ ወፉ ነው የቀጠረኝ፣
አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ባንድ ዓይኑ እያየኝ፣ ልክ እንደ ሰውየው።
እኔም አምኜው ተመለስኩ። ይኸን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤
የወፍም ቢሆን ቀጠሮ ቀጠሮ ነው፤ ልጅ ሲቀጥሩት አይስቅም።
ሱሪው በጥር ደረሰ።
ቁርጭምጭሚቴ ጋ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰ።

ሸምሱ ስኳር ታሞ፣ እግሩ መኪናዋን መርገጥ አቅቶት ተኛ፤
የሽቦ ቤቱን ከራስጌው ሰቀሉለት፣ እንዲሆነው ጓደኛ።
ለቅሶ ላይ የሰማሁት የሰፈሩ ወሬ እንዲህ ነው፦
መልአከ ሞት በሌሊት በሩን ከፈተና፣
ካልጋው ራስጌ አንድ ድምፅ፦ «አንተ! ነገ ና።»
ሄደ። በነጋው መጣ። «ነገ ና።» ተመለሰ።
ሐኪም አንድ ሳምንት የሰጠው ዕድሜ፣
በወፍ ቀጠሮ ብቻ ሦስት ወር ደረሰ።
(ድንኳን ውስጥ የነበረው ሁሉ
ሳቁን በጋቢው አፍኖ አለቀሰ።)
ከዚያ አንድ ሌሊት ብርድ ሆነ፤ ልጁ ዘምዘም ለወፉ አዝና
ሻሿን አለበሰችው። እንቅልፍ ጣለው።
እንግዳው ገባ፤ የሚመልሰው አልነበረምና።

ሰባቱ ቀን ሲያልፍ ዘምዘም ሽቦውን ፈትታ
«በል ሂድ» ስትለው፣ «ነገ» አላት፤ ተኛ።
ሲነጋ በረረ።
ከዚያ ሱቅ ከወጣው ቀጠሮ ሁሉ
በቀኑ የተፈጸመ፣ ያ ነበር አንደኛ።

ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል።
እኔ ዛሬ ማዘጋጃ ቤት፣ ከመስኮት ኋላ ነኝ፤
የቤት ካርታ ሊወስድ ለመጣ ምን እንደምለው አትጠይቁኝ።
ባለፈው እሑድ ቦዬ ውሃ ዳር፣ ከሾላው ጫፍ፣
የበቀቀን መንጋ ትርርር ትርርር ሲል ሰማሁ፤ ቆምኩኝ።
ደግሞ አንዷ፣ ድምጿ ገና ያልጠና፣
ሱቅ አይታ የማታውቅ፣ ሱሪ አይታ የማታውቅ፦
«ነገ ና።»

ቀና ብል ቅጠል ብቻ።
ቁርጭምጭሚቴን ብርድ ነካው።
«እሺ» አልኳትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።