ዓይን ያልተሣለላቸው

ቀለሙ ሳይደርቅ መጣ ሸራው ሱቄ፣
በዋንዛ ልከፍፈው፣ ጠርቤ፣ ፍቄ።
«ከደንቢያ ነው» አለች ሠዓሊዋ አትጠገብ፣
«ጥቅምት ላይ የሣልኩት፣ ኑጉ ሁሉ ሲያብብ።»

ቀረብ ብዬ ሳየው ምንም የለበትም፣
ነጥብ ነው፣ ጭረት ነው፣ ሰው አልሣለችበትም።
ቢጫ በቢጫ ላይ፣ የፈሰሰ ወተት፣
አረንጓዴ ጥፊ፣ ሐምራዊ ምልክት።
መጋዜን አንሥቼ ወደ በሩ ስርቅ
አራት ልጆች ወጡ ከዚያ ቢጫ ጨርቅ።

አንዷ ጃንጥላ ይዛ፣ ሽቦው የተሰበረ፣
አንዱ ደብተር በራሱ፣ በሲባጎ የታሰረ፣
ሁለቱ ከኋላ፣ ወደ መገጭ ዞረው
ምን እንደሚያዩ እንጃ። ዓሣ ይሆን? ጥላቸው?

ግን ዓይን የላቸውም።
አፍንጫም፣ ከንፈርም።
ቡናማ ጠብታ ነው የሁሉም ፊታቸው።

እኔ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጎረቤት፣
ጣሪያ ሙሉ ዓይን ሲያየኝ ነው ያደግሁት።
መልአክ ሁለት ዓይን፣ ጻድቅ ሁለት ዓይን፣
በአንድ ዓይን የሚያየው
ክፉ ነው፣ ከሃዲ ነው፣ እንዲያ ነው ያስተማሩን።
ታዲያ ዓይን የሌለው ከየት ወገን ይሆን?

ብጠይቃት ሳቀች።
«ዓይን ስሥል ብቆይ ብርሃኑ ያመልጠኛል፤
ልጅ ደግሞ ‹ቆመህ ጠብቅ› ቢሉት መች ይሰማል?»

ቅዳሜ ለገበያ ነጭ ሽንኩርት ጭነው
የመጡ አንዲት እናት ቆሙ ስዕሉን አይተው።
በሩ ላይ ነበረ፣ እንዲደርቅ የሰቀልኩት።
ዝም አሉ።
አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።

«ባንቺአምላክ!» አሉ። «ይቺ የኔ ጉድ!
‹ጃንጥላ? እኔ እንጃ፣ አላየሁም› ብላኝ
ይኸው ዘርግታዋለች! ለካስ ስታሞኘኝ።»

«እማማ፣ ፊት የላት፣ በምን ለዩዋት?» አልኩ።
ዞር ብለው አዩኝ፤ እንደ ሞኝ ተቆጠርኩ።
«ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል፣ አታይም?
ወንድሟን ስታዝል የለመደችው ነው።
ይህን ዓይን አይነግርህም።»

ሽንኩርታቸውን አንሥተው ሄዱ፣
ዋጋውን ሳይጠይቁ፣ የሠራውን ማን ሳይሉ።

ማታ ሱቅ ስዘጋ፣ መብራቱን ሳጠፋ
ልጆቹ ነበሩ፤ ቢጫው ነው የጠፋ።

ሰኞ ጠዋት ክፈፉን ቸንክሬ
ውሃ ልክ አስቀመጥኩበት፤
ግራው ዝቅ ይላል፣ የጣት ጥፍር ያህል።
እንዲያው ተውኩት።