ጥላሸት

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሚኒባሱ ቆሞ ረዳቱ ሲል «በቃ»፣
ወረድን ካቧራው ተሸክመን ዕቃ፦
ሦስት መብራት፣ ካሜራ፣ ጉንፋን የያዘው ጄኔሬተር፤
ከሁሉም ኋላ እኔ፣ የፊት ቀለም ቀቢ፣
ሻንጣዬን አንግቤ፣ ምሳዬን አሳቢ።

ኪሩቤል፣ ዳይሬክተሩ፣ ድንገት ቆመና
«ይኸው የጠንቋይ ቤት!» አለ ጣቱን ቀሰረና፤
«ጭስ የበላው ግድግዳ፣ የዘመመ ጣራ፣
ደጁ ላይ የሞተ ዛፍ፤ ይነሣ ካሜራ!»
ዛፉ ግን አልሞተም። ቆርች ነው። በበጋ
ቅጠሉን ያራግፋል፣ እስኪቀላ ድረስ በአበባ መንጋ።

ጠንቋይ የምትሆነው ተዋናይት ቀረች፤
ስልኳ ዝግ ነው። ማስታወቂያ ልትሠራ ሌላ ቦታ ሄደች።
የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ ትርንጎ፣ ከሰል እየሰፈረች
በጣሳ፣ በሯ ላይ፣ ዝም ብላ ታየናለች።
«ስምንት መቶ ብር፣ እትዬ» አላት፤ «አንድ ቀን ብቻ።»
«ምን ልሁን?»
«ጠንቋይ።»
ሳቀች። ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ከምድጃዋ ጥግ በእፍኜ ዛቅሁ፤
የገዛ ጥላሸቷን ለገዛ ፊቷ ቀባሁ፤
ካፍንጫዋ ላይ ሌላ አፍንጫ ገነባሁ፤
ሁለት ጥርሷን በጥቁር ቀለም አጠፋሁ።
«ልጄ» አለች፣ «ጠንቋይ አይተህ ታውቃለህ?»
«በፊልም።»
«እኔ ቤቱ ድረስ ሄጃለሁ።

«ባሌ የጠፋ ዓመት። ሶፋው ዳንቴል ለብሷል፤
በር ላይ ልጅ ተቀምጦ ተራ ቁጥር ያድላል።
እሱ መነጽር አለው፤ ሽቶ ሽቶ ይላል፤
‹እናቴ› ይለኛል፣ እጄን ይዳብሳል፤
መዳፉ ልስልስ፣ የሕፃን ሆድ ይመስላል።
የሁለት በግ ዋጋ ሰጥቼው ወጣሁ፤
ባሌም አልመጣ፣ እኔም አልተቆጣሁ፤
አፈርኩ እንጂ፣ በታክሲ ተሸፋፍኜ መጣሁ።
ታዲያ ፊቱ እንዲህ፣ አንተ እንደምትሠራው ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣
መች ደጁን እረግጥ ነበር በገዛ እግሬ ሄጄ?»

«ከንፈርዎን አያንቀሳቅሱ» አልኋት፤ «ቀለሙ ይሰነጠቃል።»

ከሰዓት በኋላ ገብስማ አውራ ዶሮ መጣ።
«ያዢው፣ እንደ ጅብ ሳቂ፣ ከዚያ እረጂው» ሲላት፣
«ሴት ዶሮ ታርዳለች?» ብላ ጮኸችበት፤
«ወንድ ጥሩ ከጎረቤት!»
መብራት ያዡ እንኳ በሳቅ መሬት ተንከባለለ።
ደሙ የቲማቲም ድልህ ሆነ። ዶሮው ተረፈ፤
በስምንት መቶው ላይ ለእሷ ተመረቀ።

ፊልሙ በእንቁጣጣሽ ወጣ። በኮንዶሚኒየሙ፣
ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ፣ በየዲሹ፣ ትርንጎን ሁሉም አወቀ፤
ማግስቱን ከሰሏን ማንም አልጠየቀ።
«ፍሙ ዓይን አለው» አሉ። «ደግማበታለች» አሉ።
ገብስማው ያለ ሰዓቱ ከጮኸ «ጠርታው ነው» አሉ።
እናቶች ልጆቻቸውን በጓሮ መንገድ ያዞሩ ጀመሩ፤
ማኅበርተኞቿ ጽዋውን ሳይልኩላት ቀሩ።

ኪሩቤል ደወለ፦ «ክፍል ሁለት አለን። ሴትዮዋን አነጋግር።»
ሄድኩ። ቆርቹ ቀልቷል።
ደጇ ላይ ተቀምጣለች፣ ከሰሉ እንደተከመረ።
አልሰደበችኝም። ያስጨነቀኝ እሱ ነበረ።
«ፊቴን ታጠብሁ» አለች፣ «ሦስት ሳሙና ፈጀሁ።
የቀረው የት ጋ ነው? እስቲ መስተዋትህን አምጣው፤ ያኔ በደንብ አላየሁ።»
ያዝኩላት። ጠይም ፊት፤ አንገቷ ላይ ንቅሳት፤
ጉንጯ ላይ ፈንጣጣ የተወው ጥቂት ጠባሳ።
«ምንም የለም፣ እትዬ።»
«እንግዲያው ለእነሱ ንገራቸው» አለች።

ስመለስ፣ በኮንዶሚኒየሙ በር፣ ዘበኛው ምሳውን እየጎረሰ፣
«ከዚያች ቤት ስትወጣ አየሁህ» አለ።
«ጠንቋይዋን ታውቃታለህ?»
ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ።
«አላውቃትም» አልሁ።
ከበስተኋላዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ገብስማው ጮኸ።