ጠባቢቱ

ጎን ለጎን ሁለት ሰው፣ ከኋላ አንድ ሣጥን፣
ይኸው ነው አቅሟ፤ ይኸው ነው የመጫኗ መጠን።
ከሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ወደ ጮቄ ስትወጣ፣
በሁለት ካብ መሐል ሾልካ፣ በበግ ዱካ አምልጣ፣
ትልልቆቹ ከቀሩበት አልፋ ትሄዳለች እሷ፤
"ጠባቢቱ" ይሏታል፤ አንዱ ቃል ስድቧም ነው ሞገሷ።

ሐምሌ ነበር። እንጉዳይ ድንቿን ገና አልኮተኮተችም፤
ጉሙ ወርዷል፤ ከአፍንጫ አልፎ ዓይን አያይም።
ስማቸው ነበር ነጂው። ጭቃውን ልሽሽ ብሎ፣
ዳገቱን በጎን ያዘው፣ ቀጥ ያለውን ጥሎ።
ሣጥኑ ላይ ጆንያ፣ ጆንያው ላይ ደግሞ ሰው፣
"እዚህችው ድረስ" ብሎ ለምኖ የተሳፈረው።
ክብደቷ አናቷ ላይ ወጣ፤ የላዩ ጎማ አፈሩን ለቀቀ፣
ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰናበት እንግዳ፤ ከዚያ ሰማዩ ወደቀ።

የሻረግ፣ ነርሷ፣ በታችኛው ጎን ነበረች፤
መሬት ሲመጣባት እጇን ሰድዳ ልትመልሰው ሞከረች።
የሰው ነገር ነው፤ ሲወድቅ እጁ ይቀድመዋል፤
ብረት ግን ይህን አያውቅም፤ የተዘረጋውን ይጫናል።
አንጓዋ ሁለት ቦታ። "ክትባቱ ግን አልፈሰሰም"
ትላለች እየሳቀች፤ እኔ ይህን መሳቅ አልችልም።

በበሬ አስጎትተው እኔ ብየዳ ቤት ጣሏት።
አባቴን "ጠይብ ነው" ብለው ከማዕድ ያራቁት፣
እኔን ግን ዛሬ "ኢንጂነር ልንገረው" ነው የሚሉኝ፤
ከበው ቆሙና "አንድ ነገር አድርግ" አሉኝ።

ለካሁ። ከጎማ ጎማ ሁለት ክንድ ከስንዝር፤
ቁመቷ ከሦስት ክንድ አለፈ፤ እንዲህ ሆና ነው የምትበር!
"ላስፋት" አልሁ። አራት ድፍን ብረት ቆረጥሁ፣
ከየጎማዋ ጀርባ ከትቼ አጠበቅሁ።
እግሯን አንፈራጣ ቆመች፣ ትግል እንደገጠመ ጎረምሳ፤
ብገፋት፣ ብገፋት፣ ወይ ፍንክች፤ ማን ሊጥላት፣ ማን ሊያነሳ!

በማግሥቱ ተመለሰች፣ ሁለቱም ጎኗ ተልጦ፤
የካቡ በር አላስገባትም፣ ድንጋዩ ጥርሱን አግጦ።
የላይ ሰፈር መንትዮች ሳይከተቡ ዋሉ፤
"መኪናህ ሰፋች እንጂ መንገዳችን አልሰፋም" አሉ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል፣
ያ በዱላ የገባኝ፣ መጣብኝ ረድፉን ሳይጥል፤
"ጠባብ" ብለህ ብትነሣ፣ "ጠቢብ" ላይ ለመድረስ፣
አንዲት እርከን ዝቅ ነው፤ ከራብዕ ወደ ሣልስ።
ዝቅ!
ብረቶቹን አወለቅሁ፤ ከወለሏ ሥር በየድኋቸው፤
ሊያሰፏት አልሆነላቸውም፤ ወደ ታች እንዲስቧት ፈረድሁባቸው።

እንግዲህ አንለይ፣ ቁልፉ ከዛሬ ያንተ ነው፤
ጣሪያዋ ላይ ዶሮ እንኳ አታስር፤ ላባም ክብደት ነው።
ዳገት ቀጥ ብለህ ውጣ፣ ቁልቁለት ቀጥ ብለህ ውረድ፤
ካልተቻለ ተመለስ፤ ነገም ይኖራል መንገድ።
ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ ውስጥ ከገባህ ረፍዷል።
መዝመም ስትጀምር መሪው ወደ ቁልቁለቱ ይዞራል፤
ልብህ "ሽቅብ" ይልሃል፤ እሺ አትበለው።
ቀበቶህን እሰር፤ የበሩን መረብ ዝጋው።
እጅህን ሰብስብ።
"እዚህችው ድረስ" የሚልህ የአጎትህ ልጅም ቢሆን፣
ይቀየም፤ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚቀየም ይሁን።

ዛሬ ጠዋት የሻረግ ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች፤
ቀኝ እጇን በግራዋ አቅፋ፣ እንደ አራስ ልጅ ሸሸገች።
ጉሙ እንደ ሐምሌው ነው፤ ከብየዳ ቤቴ በር አላያቸውም፤
መዶሻዬን አስቀመጥሁ፤ ለትንሽ ጊዜ አልተነፈስሁም።
ሞተሩ ወጣ፣ ወጣ፤ የእንጉዳይ ውሻ ጮኸበት፤
ከዚያ ድምፁ ዝግ አለ፣
ከመታጠፊያው በፊት።