ሙሉ ሲቀነስ ባዶ

ጥቅምት ሲገባ፣ በፖላንድ፣ በኩያቪ ሜዳ፣
የስኳር ሥር ተነቅሎ፣ ጭቃው ሳይጸዳ፣
ካሚዮኖች በሰልፍ ወደኔ ይመጣሉ፤
ከመኪና ሚዛኑ ጋ ነኝ፤ ስሜን ያውቁታል ሁሉ፦
«ቦዜና፣ መዝኚኝ!»

ሙሉ ሲገባ አንዴ፣ ባዶ ሲወጣ አንዴ፣
ሁለቱን እጽፋለሁ፤ እቀንሳለሁ በዘዴ።
ለገበሬው ልዩነቱን እሰጣለሁ በወረቀት፤
የሚከፈለውም ለዚያው ነው፣ ለጭነት።
ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ስቀንስ ኖሬ፣
የራሴን ሒሳብ ግን አልሠራሁም እስከ ዛሬ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በረዶው ሲወርድ፣
አንድ ነገር ገባብኝ፤ ስም የለሽ፣ እንደ ብርድ።
አልጋዬ ረግረግ ሆኖ ዋጠኝ እስከ ወገብ፤
ሾርባው ፊቴ በረደ፤ ጠፋብኝ የሚሉት ረሃብ።
ሃምሳ ሁለት ኪሎ። ቀሚሴ ሰፋኝ።
ጎረቤቴ ዩስቲና ደረጃ ላይ አገኘችኝ፦
«እንዴት አማረብሽ! ምን በልተሽ ነው የቀነስሽ?»
ምን ልበላት? «ራሴን ነው የበላሁት፣ እህቴ፤ ላቅምሽ?»

ከዚያ ክኒኗ መጣች፤ ነጭ፣ ምስር የምታህል፤
ማታ ማታ አንድ ጉንጭ ውሃ፤ ሌላ የላትም ውል።
በስድስተኛው ሳምንት ሽንኩርት ሸተተኝ፤
እንባዬ መጣ፣
ገና ሳልከትፈው ማለቴ ነው።
ተኛሁ። አንድ ቀን ሳቅሁ፤ ራሴው ደነገጥሁ።
ዳቦ በቅቤ በላሁ፤ ደገምሁ፤ ሠለስሁ።
እያደር ግን ረሃቡ ልጓም የለሽ ሆነ፤
«በቃሽ» የሚል ደወል ከሆዴ በነነ፤
ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ በፍሪጅ መብራት፣
ቋሊማ በእጄ፣ ቆሜ፣ እንደ ሌባ ድመት።

ሃያ ሁለት ኪሎ!
የሥራ ጃኬቴ ዚፑ እምቢ አለ።
ሹፌሩ ቼስዋቭ በመስኮት ብቅ አለ፦
«ምነው ቦዜና፣ ካቢናው ጠበበሽ?
ወይስ ስኳሩን ከፋብሪካው ቀድመሽ ቀመስሽ?»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ሳቄ ግን ማኅተም የሌለው ወረቀት ነበር።

ክኒኗን መሳቢያ ውስጥ ቀበርኋት።
ለማንም ሳልናገር ዘጠኝ ቀን ተውኋት።
በሰባተኛው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ሽቦ ነዘረኝ፤
በዘጠነኛው፣ ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ዋኘብኝ፤
የሁለት ሰው ጭነት ለአንድ ሰው ጻፍሁ።
ገበሬው ተመልሶ መጣ፤
«ይህ የኔ አይደለም፣ እመቤት» አለኝ፤
ቀና ስል ያ ስም የለሹ
ከኋላው ቆሞ ተራ ይጠብቃል።

ዶክተር ሽቼፓንስካ አልተቆጣችም።
«ብቻሽን አትተዪው» አለች፤ «እንዲህ አይተውም።
ሆዳምነት አይደለም፤ መድኃኒቱም እጁ አለበት፤
ደምሽን እንይ፤ ከዚያ ቀስ ብለን እንለውጥበት።
እስከዚያው ተራመጂ፤ የራት ሰዓት አይለፍሽ፤
ሚዛን ላይ በወር አንዴ ውጪ፤ በየቀኑ እንዳታዪ፣ አደራሽ።»
በየቀኑ!
ሥራዬ ምን እንደሆነ አላወቀችም መሰለኝ።

አሁን ከፈረቃ በኋላ ክምሩን እዞራለሁ፤
ሰባት ዙር፣ ቦቲዬ ጭቃ እየዘገነ።
የዩስቲና ውሻ ትከተለኛለች፤
እሷም ወፍራም ናት፤ ክኒን ግን አትወስድም።
ሁለት ኪሎ ወረደ። አንዱ ተመለሰ።

ትናንት ማታ፣ የመጨረሻው ካሚዮን ሲሄድ፣
ብቻዬን ወጥቼ ቆምሁ በዚያ በብረቱ መንገድ።
የመኪና ሚዛን ሰው አያውቅም፤
የሚቆጥረው ሃያ ሃያ እያለ ነው።
ሰማንያ አለኝ።
ቦቲዬን አወለቅሁ። ሰማንያ።
ጃኬቴን። ሰማንያ።
ትንፋሼን ያዝሁ። ሰማንያ።
ሳቄ መጣ፤
ያሁኑስ ማኅተም አለው።

ቀልዬ ሳለሁ ማን መዘነኝ?
ገብቼ ቲኬት አተምሁ፦
ሙሉ፣ ሰማንያ። ባዶ፣ ሃምሳ ሁለት።
ልዩነት፣ ሃያ ስምንት፤
ከነጭቃው፣ ከነስሕተቱ።
እንቅልፍ አለበት፤ የሽንኩርት ሽታ አለበት፤
አዎ፣ ቋሊማም አለበት።
የጭቃውን ላቦራቶሪው ይቀንስ፤ ልማዱ ነው።

«የጭነቱ ባለቤት» ከሚለው መስመር ላይ
ስሜን ጻፍሁ።
ከዚያ ክኒኗን ዋጥሁ።
ዳቦ አልፈለግሁም።
እሺ፣ ፈለግሁ፤
ግን ግማሽ።